የሙት ድርሻ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አባ ዘርአብሩክ። «ቁጭ በል ምናሴ፤ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም።»

ምናሴ ቁጭ አላለም። አባን ያስመጣቸው ቤቱን እንዲባርኩለት እንጂ ታሪክ እንዲነግሩት አልነበረም።

«አባ፣ እኔ የጠየቅሁት አጭር ነገር ነው። እሑድ እንግዶች ይመጣሉ። የአክስቴ ፎቶ ይሰቀላል፣ አልጋዋ ባለበት ሆኖ ይከለላል፣ እርስዎ ጸበል ይረጩልናል። እነዚህን ሰዎች ደግሞ እስከ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ፈልጉ ብያቸዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሉቺያ ቅድስት ነበረች እያለ ነው። አንዲቱ አልጋዋን ነክቼ ወገቤ ተሻለኝ ብላለች። ታዲያ ቅድስት በሞተችበት ቤት ፌስታልና ጀሪካን ደርድሮ መተኛት አክብሮት ነው? ጥፋቴ የቱ ጋ ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

እነዚህ ሰዎች ያላቸው ስድስት ናቸው። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ይሰማሉ። ቤቱ ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ ነው። እትዬ ሉቺያ በዚያ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታለች፤ ከገጠር ለሕክምና መጥቶ ተራ የሚጠብቅ፣ ማደሪያ የሌለው ሰው ሲገጥማት ይዛ ወደ ቤቷ ትመጣ ነበር። ከሞተች አራት ወር ሆናት። ቤቱ ለወንድሟ ልጅ ለምናሴ ደረሰ። የእሷን ክፍል በዚህ ሳምንት አስለቅቆ ቆልፎታል፤ የቀረው ቅዳሜ ይለቀቃል።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ዝምታወርቅ ናት። ከሳይንት ነው የመጣችው፤ የጨረር ሕክምና ታዞላታል። ተራዋ ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ከዚህ ከወጣች ወይ ጎዳና ነው፣ ወይ አገር ቤት። አገር ቤት የገባ ሰው ተራው ያልፈዋል።

«ጥፋትህ የቱ ጋ እንደሆነ ልነግርህ ነው እኮ የጀመርኩት» አሉ አባ። «አንድ ሰው ነበረ።»

፨

መነኩሴ ነው። አገሩ ባሕር ማዶ፣ የዓመቱን ግማሽ በረዶ የሚወርድበት ተራራ ላይ ያለ ገዳም። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ንጉሡም ማንበብ የማይችልበት ዘመን።

ይህም ሰው ማንበብ አይችልም። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ከዘማሪዎቹ ጋር አያቆሙትም። ምን ያድርጉት? በረኛ አደረጉት። አርባ ዓመት በር ከፈተ፣ በር ዘጋ። ታሪኩ ይኸው ነው። የቅዱሳን ታሪክ አጭር ነው ልጄ፤ የሚረዝመው እኛ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

፨

በዚያ ገዳም አንድ ሥርዓት ነበር። ከመነኮሳቱ አንዱ ሲሞት ከማዕድ ቦታው አይነሣም። ሠላሳ ቀን ሙሉ፣ በሕይወት እንዳለ ሰው፣ ዳቦው፣ የባቄላ ሾርባውና ወይኑ በቦታው ይቀርባል። ግራና ቀኝ ያሉት ይበላሉ። መካከል ላይ የማንም ያልሆነው ሾርባ እየጨሰ ይቀዘቅዛል። ማዕዱ ሲነሣ ያ ምግብ ወደ በሩ ይወጣና ስለ ሟቹ ነፍስ ለድኻ ይሰጣል። የሙት ድርሻ ይሉታል። በሠላሳ አንደኛው ቀን ይቆማል።

ድርሻውን በእንጨት ገበቴ ተቀብሎ የሚያወጣው በረኛው ነው።

በሩ ላይ የሚጠብቁት መነኩሴ ሲሞት ይበላሉ፤ መነኩሴ ጤና ሲሆን ይራባሉ። በጸሎት ሰዓት ከውስጥ አንዱ ሲያስል ከሰሙ ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር። አትቆጣ፤ እኔ አይደለሁም እንዲህ ያደረግኋቸው።

፨

አንድ ክረምት ክፉ ሆነ። ማንም አልሞተም።

በረኛው ወደ አበምኔቱ ሄደ። የዚያን ጊዜው አበምኔት ሽማግሌ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቅ የሚወድ።

«አባቴ፣ እኔ የመነኮስኩ ዕለት መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሳችሁ፣ ጸሎተ ፍትሐት አደረሳችሁልኝ። ለዓለም ሞተሃል አላችሁኝ። እውነታችሁን ነበር ወይስ ጨዋታ?»

«እውነት ነው እንጂ» አለ አበምኔቱ።

«እንግዲያው ሙት ነኝ። ድርሻዬ ይውጣልኝ።»

«እንደሱማ ከሆነ ሁላችንም ሙት ነን።»

«የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የራሴን ነው የጠየቅሁት።»

አበምኔቱ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ሲመነኩስ በላዩ የተጣለውን ጥቁር ጨርቅ ሳያስታውስ አልቀረም። ይህ ሥርዓት እኛም ዘንድ አለ፤ ለሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። ግን ከዚያ በኋላ ሙቱ ሁሉ ለምግብ ይሰለፋል፤ እንደ ሙት የሚኖር ስንት ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በበረኛው ስም የሙት ድርሻ ወደ በሩ ይወጣ ጀመር፤ በረኛው ራሱ በሕይወት እያለ፣ ራሱ ተሸክሞት እየወጣ። በሠላሳ አንደኛው ቀን አልቆመም። ሠላሳ አንድ ዓመት ወጣ። እሱ ራሱ ከማዕድ የተረፈ የዳቦ ቅርፊት ይበላል።

፨

በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ክረምቶች ያን ድርሻ የበላች አንዲት ፈታይ ነበረች። እጆቿ ደርቀዋል። ጣቶቿ አይታጠፉም፤ እንዝርት አያዞሩም። ግማሹን እዚያው ትበላለች፤ ግማሹን በጉያዋ ይዛ አልጋ ላይ ለዋለችው እናቷ ትወስዳለች።

«እጇን ምን ሆና ነው?» አለች ዝምታወርቅ ከወንበሯ።

«ብርድ ነው ልጄ።»

«ኸረ ብርድ እጅ አያደርቅም። እኛም አገር ብርድ አለ።»

«የእነሱ ያደርቃል።»

ምናሴ ሰዓቱን አየ። «አባ፣ ቀለም ቀቢዎቹ በአሥር ሰዓት ይመጣሉ።»

«ይምጡ። ግድግዳው የትም አይሄድም።»

፨

በረኛው ሞተ። በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ቀበሩት። ድርሻው እንደ ልማዱ መውጣቱን ቀጠለ፤ አሁንስ በረኛው ማንም የማይከራከርበት ሙት ሆነ።

ከዚያ አንድ በቅሎ ነጂ ጥርሱን ሲያመው የበሩን መቀርቀሪያ ነካ፤ ተወው። ለወዳጁ ነገረ። ወዳጁም ነካ። በዓመቱ ተራራው ሰው ሆነ። በአንካሳ፣ በዕውር፣ በመካን፣ ፍርድ ቤት በተረታ ሁሉ እጅ መቀርቀሪያው ተላጠ።

አበምኔቱም ተለውጧል። አዲሱ የተማረ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በል። ለጸሎት ማንም ሳይቀድመው የሚነሣ፣ የሚጾም፣ በረኛውን ከልቡ የሚወድ ነበር።

ጳጳሱ መጣ። ዐፅሙ ከመሬት ወጣ፣ በወይን ታጠበ፣ በብር ሣጥን ሆኖ ከመንበሩ በላይ ተቀመጠ። ቅዱስ ተባለ። ያ የእንጨት ገበቴ ጠርዙ በወርቅ ተለበጠ፤ የብረት ፍርግርግ ተሠራለት።

በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ማዕድ ተቀመጡ። አበምኔቱ ባዶው ቦታ ላይ ዳቦና ሾርባ አየ።

«ይህ የማነው?»

«የበረኛው የሙት ድርሻ ነው» አለ ወጥ ቤቱ።

አበምኔቱ አሰበ። የተማረ ሰው ነው አልኩህ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «የሙት ድርሻ ስለ ሙት ነፍስ የሚወጣ ነው። ቅዱስ ደግሞ ሙት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት ሕያው ነው። ስለ ቅዱስ ነፍስ መመጽወት ቅድስናውን መጠራጠር ነው። እሱ ነው ለእኛ የሚለምነው እንጂ እኛ ለእሱ አንለምንም። ይነሣ።»

ተነሣ።

፨

ትምህርቱ ልክ ነው ምናሴ። እኔም ተማሪ ቤት ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ አንድም ቦታ ስሕተት አታገኝበትም። አንጀቴን የሚበላኝም እሱ ነው። ያ ሰው በሕይወት ሳለ ሙት ነኝ ብሎ ድኻ አበላ። ሲሞት ሕያው ነህ አሉትና በስሙ ድኻ አስራቡ። ሌባ ቢወስደው አይቆጨኝም። ቀማኛ ቢወስደው አይቆጨኝም። እያከበሩት ነው የወሰዱት።

፨

በማግሥቱ ፈታይዋ መጣች። በሩ ላይ አሁን ሁለት ጠንካራ ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ሕዝቡ ብዙ ነውና።

«ለመሳለም ነው?»

«ለድርሻዬ ነው።»

«ምን ድርሻ?»

«የበረኛው።»

«እሱማ ቅዱስ ሆነ እኮ። አልሰማሽም? ሂጂ ከኋላ ተሰለፊ።»

ግርግሩ ሲያልፍ ድርሻው የሚመለስ መሰላት። ዘጠኝ ቀን ተመላለሰች። በዘጠነኛው ቀን እናቷ ምን አመጣሽልኝ ብላ መጠየቅ ተወች።

በአሥረኛው ቀን የቅዱሱ በዓል ነበር። አበምኔቱ ገበቴውን ከፍርግርጉ አውጥቶ፣ በሐር ጨርቅ ይዞ፣ በሩ ድረስ ወረደ። ሕዝቡ በተራ እየቀረበ ሳመ። የፈታይዋ ተራ ደረሰ።

አልሳመችም። ሁለት ክንዶቿን ከሥሩ አስገብታ ገበቴውን አቀፈችና ከአበምኔቱ እጅ ሳበችው። የገበቴውን አፍ ወደ እሱ አዞረች።

«ሙሉበት» አለችው።

ከኋላዋ የነበረች ሴት አየች። አሥራ አንድ ዓመት ምንም ያልያዘ እጅ ይዟል። «ያዘች» አለች ሴትየዋ። ከእሷ በኋላ ያለው «ያዘች» አለ። ቃሉ እስከ ተራራው ግርጌ ወረደ። የደረቀ እጅ ያዘ። ሰዉ ተንበረከከ። አንዱ ሮጦ ደወሉን ደወለ።

«ሙሉበት» አለች ደግማ። ደወሉ ዋጠው። ሦስተኛም አለች።

አበምኔቱ አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር። ጎንበስ ብሎ ያንን እጅ ሳመው። ሲስመው ጣቶቹ ይታጠፉ አይታጠፉ አላየም።

አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ አዞሯት። ገበቴውን በክብር ወስደው ቦታው መለሱት፤ እሷን መንገድ ላይ አወረዷት።

በተአምር መጽሐፉ በቀይ ቀለም የተጻፈው የመጀመሪያው ተአምር የእሷ ነው። «እጆቿ የደረቁ አንዲት ሴት የቅዱሱን ገበቴ በእምነት በነካች ጊዜ ተፈወሰች፤ ደስ እያላትም ወደ ቤቷ ተመለሰች።»

፨



«ድናለች ወይ?» አለች ዝምታወርቅ።

«አልዳነችም። በክንዷ ነው አቅፋ የያዘችው። ቤቷም ውኃ የምታነሣው እንደዚያ ነበር። ገብቶ ያያት ሰው ስለሌለ ነው ተአምር የሆነው።»

«አባ» አለ ምናሴ፣ ድምፁ ውስጥ ፈገግታ አለ፣ «ሙሉበት ማለቷ መጽሐፉ ላይ ካልተጻፈ እርስዎ በምን አወቁ?»

«የተራበ ሰው ባዶ ገበቴ አቅፎ የሚለውን ለማወቅ መጽሐፍ ያስፈልግሃል?»

«ሞኝ ናት» አለች ዝምታወርቅ። «ወርቅ ለብጠውበታል አላሉም? እኔ ብሆን ይዤው ነበር እብስ የምለው።»

«በዚህ ጉልበትሽ?» አሏት ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ዐይናቸው የታሸገ ሽማግሌ። «ትናንት ፋርማሲ ድረስ ሄደሽ በእኔ ትከሻ አይደለም ወይ የተመለስሽው?»

«ታዲያ ምን አለ፣ እርሷንም በትከሻ ተሸክመዋታል።»

ወንበሩ ሙሉ ሳቀ። ምናሴም ሊስቅ ምንም አልቀረው።

አባ አልሳቁም።

«መጨረሻዋ አልተጻፈም» አሉ። «ደስ እያላት ተመለሰች ነው የሚለው። እናትየዋን ከፋሲካ በፊት ቀበረቻት። እሷ የት እንደገባች የጠየቀ የለም፤ የዳነን ሰው ማን ይጠይቃል? ኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሣል ግድግዳው ላይ ሣሏት። ገበቴውን ይዛ፣ ወደ ሰማይ እያየች። ሠዓሊው ጉንጮቿን ሞላ አድርጎ ነው የሣላት።»

፨

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ምናሴ አዞሩ።

«ጥፋትህን ጠይቀኸኝ ነበር። ያ የተማረ አበምኔት አንተ ነህ። ገበቴው ይህ ቤት ነው። ፈታይዋ ማን እንደሆነች ልንገርህ ወይስ ዞር ብለህ ታያታለህ?»

ምናሴ አልዞረም። «እኔ አክስቴን አከበርኳት እንጂ—»

«አክብረሃታል። እሱም አክብሯል። እኔ ክብር አጎደልክ አላልኩህም። የሷ ክፍል ትለኛለህ። እዚያ አልጋ ላይ ተኝታ ያየሃት መቼ ነው? እኔ ያየኋት ቁርባን ላቀብላት የመጣሁ ዕለት ነው፤ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት። ከዚያ በፊት አልጋው ላይ የምትተኛው ከመተማ የመጣች አራስ ነበረች፣ ከእሷ በፊት ሁለት እግሩ የተሰበረ ሾፌር ነበረ። ሉቺያ ማጀት ውስጥ ካርቶን ላይ ነበር የምትተኛው። የምትከልለው አልጋ የሷ አይደለም ምናሴ። የነሱ ነው። ሰዎቹ ሄደው አልጋው ብቻ ሲቀር ሉቺያ የት አለች? አልጋ ነች እንዴ?»

«አባ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ፎቶዋንም አሳይተኸኛል። ፎቶ ቤቱ እጇን አሳምሮላታል። ሠላሳ ዓመት በበረኪና የተበላ እጅ! ጥፍር እንኳ አልነበረው። እንደ ሙሽራ እጅ አድርገህ ልትሰቅለው ነው። እሑድ እንግዶችህ መጥተው ያንን እጅ አይተው ያለቅሳሉ፤ እንባቸውም የእውነት ይሆናል። እኔም ጸበሌን ይዤ መካከላቸው እንድቆም ትፈልጋለህ። ከዚያ አንዱ በመጽሐፍ ይጽፈዋል፦ ድኾቹም ደስ እያላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ ብሎ። የትኛው ቤታቸው? ሳይንት? መኪና ተሳፍሮ ሁለት ቀን?»

አሳላቸው። ሽማግሌው የራሳቸውን የውኃ ላስቲክ አቀበሏቸው፤ ጠጡ።

«ስለዚህ አይባርኩልኝም» አለ ምናሴ። አሁን ተቀምጧል። መቼ እንደተቀመጠ አላወቀም።

«ሰው የሚተኛበት ቤት እባርካለሁ። ባዶ አልጋ መባረክ አላውቅም፤ ተማሪ ቤትም አላስተማሩኝ።»

«ሕዝቡን ጠርቻለሁ እኮ አባ። ካርድ በትኛለሁ። ምን ልበላቸው?»

 ምናሴ መሬት መሬቱን እያየ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አነሣው። መልሶ አስቀመጠው።

ዝምታወርቅ ከወንበሯ ተነሣች። ለመቆም ጊዜ ወሰደባት። ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘች፤ ፌስታሏን አንጠለጠለች።

«ጋሼ» አለችው ምናሴን፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ቁልፉን ከጉልበቱ ላይ አነሣችው።

ምናሴ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። 

የተቆለፈውን ክፍል ከፈተች። ገባች። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሁሉም ሰሙት። ሽማግሌው ከረጢታቸውን አንሥተው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሏት፤ ከሽማግሌው በኋላ በሩ ከውስጥ ተዘጋ።